ሎተሪ በየመንገዱ፣ የባቡር ትኬት በአንድ ቀዳዳ!

ደነባ ሐዲድ የለም። ሲያደብርና ዋዩ ወረዳን ከዳር እስከ ዳር ቢያካልሉት የባቡር ድምፅ አይሰማም። ታዲያ አንተ የደነባ ልጅ ስለ አዲስ አበባ ባቡር ትኬት ምን አገባህ? የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልስ አለኝ። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ሲሠራ 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተወሰደ ብድር ነው። ይህን ብድር የተበደረው የመገናኛ ሰፈር ዕድር አይደለም፣ አገር ነው። አገር ከሆነ ደግሞ ጤፉንና ስንዴውን ሸጦ ግብር የሚከፍለው የኛ አገር ገበሬ፣ ባቡሩን በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ሳይቀር፣ ዕዳው ላይ ስሙ አለበት ማለት ነው። ዕዳ ላይ ስሙ ያለበት ሰው መጠየቅ ይችላል፤ እኔም እጠይቃለሁ።

ደግሞስ ከደነባ ወጥቶ አዲስ አበባ የማይገባ ማን አለ? አንዱ ለሕክምና ይገባል፣ አንዱ ለቀን ሥራ፣ አንዱ ልጁን ለመጠየቅ ዶሮውንና በሶውን ተሸክሞ ይገባል። ላም በረት ሲወርድ ከተማዋ ገና ከፊቱ ተዘርግታ ነው የምትጠብቀው። ከዚያ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ወይም ጦር ኃይሎች መሄድ አለበት። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው፣ ኪሱ ለኮንትራት ታክሲ ለማይደፍር ሰው፣ ባቡር ጌጥ አይደለም።

የምጠይቀው ስለ ትልልቁ ነገር አይደለም። በትልልቁ ነገር ላይ መግለጫ ሲሰጥ፣ ሪባን ሲቆረጥ፣ ሲጨበጨብ ኖሯል። የኔ ጥያቄ ስለ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነው። ትኬት የሚሸጥባት ቀዳዳ!

እንደሚታወቀው የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም፣ የምሥራቅ ምዕራቡ ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም ሥራ ጀመሩ። ሁለቱ አንድ ላይ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ፣ 39 ጣቢያዎች ነበሯቸው፣ 41 ባቡሮችም ተገዙላቸው። ታሪፉ በርቀት ተከፍሎ 2፣ 4 እና 6 ብር ሆነ። ርካሽ ነበር፤ ማንም አይክደውም። ተሳፋሪው ግን ባቡሩ ላይ ከመድረሱ በፊት በጣቢያው አጠገብ ወደ ቆመች መሸጫ ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ የት እንደሚወርድ ተናግሮ፣ ብሩን አስቆጥሮ፣ መልስ ተቀብሎ፣ ቁራጭ ወረቀት መያዝ ነበረበት። ያቺን ወረቀት ደግሞ ሌላ ሰው በዓይኑ ያያታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ባቡሩ ሊመጣ ሲል፣ ሰው በሚበዛበት ቦታና ሰው በሚበዛበት ሰዓት ነው። ብሩ ከዚያ ወዲህ ምንም ያህል ይሁን፣ ክፍያውም በወረቀትም ይሁን በሌላ ነገር፣ አሠራሩ "መጀመሪያ ጣቢያ ና፣ ከዚያ ተሰለፍ፣ ከዚያ ክፈል" እስከሆነ ድረስ ጣጣው ያው ነው።

እኔ በዲፕሎማ የተመረቅሁት በሒሳብ አያያዝ ነው። ጋዜጣ ላይ መጻፍ ኋላ የመጣ ሱስ ነው። ስለዚህ አንባቢ ይፍቀድልኝና ትንሽ ላስላ። አንዱን ተሳፋሪ ለማስተናገድ 15 ሴኮንድ ይበቃል እንበል። ይህ መልስ ያልጠፋበት፣ "የት ነው የምትወርደው?" ተብሎ ሁለቴ ያልተጠየቀበት ደህና ቀን ነው። በደቂቃ 4 ሰው፣ በሰዓት 240 ሰው መሆኑ ነው። አንድ ባቡር ደግሞ 286 ያህል ሰው እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። እንግዲህ በአንዲት ቀዳዳ አንድ ባቡር ሙሉ ሰው ለማስተናገድ ከ1 ሰዓት ከ11 ደቂቃ በላይ ይፈጃል! ባቡሩ ከአንድ ጣቢያ ብቻ አይሞላም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። 100 ሰው ብቻ ይሳፈር ብንል እንኳ መቶኛው ሰው 25 ደቂቃ ይቆማል። ሁለት ቀዳዳ ቢከፈት 12 ደቂቃ ተኩል ነው። ባቡሩ ደርሶ ቆሞ ይጠብቀው እንዴ?

ሌላም ሒሳብ አለ። በቀን ሁለቴ፣ በወር 26 ቀን የሚመላለስ ሠራተኛ በወር 52 ጊዜ ትኬት ይቆርጣል። በየጊዜው 10 ደቂቃ ቢሰለፍ 520 ደቂቃ፣ ማለት 8 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። አንድ ሙሉ የሥራ ቀን መሆኑ ነው! በየወሩ አንድ የሥራ ቀኑን ለዚያች ቀዳዳ ይገብራል። ደመወዝ የሚቆረጥበት ሠራተኛ አለ፣ ቆጣሪዋን አርፍዳ ስትፈርም ስሟ በቀይ የሚጻፍ የፋብሪካ ልጅ አለች። የነሱን ኪሳራ በየትኛው የሪፖርት ሠንጠረዥ ውስጥ ነው የምናገኘው? የትም!

ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝ አጎቴ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ይዤው ገባሁና አንድ የከተማው የትራንስፖርት ጣቢያ (ስሙን ልተወው) ደረስን። ሰው በትኬት መሸጫዋ ዙሪያ እንደ ንብ ሰፍሯል። የተሰለፈ አለ፣ ሰልፉን ያቋረጠ አለ፣ ትኬት ይዞ ለመውጣት የሚታገል አለ። አጎቴ ከዘራውን ተደግፎ ትንሽ ተመለከተና፣

"ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ ወፍጮው ተበላሽቶበት ነው?" አለኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ ትኬት ለመቁረጥ ነው" ብለው፣

"እና ስልቻ የላቸውም?" አለኝ።

እኔ ሳቅኩ እንጂ ሽማግሌው ቀልድ አልተናገረም። ደነባ ወፍጮ ቤት ሄዶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። እኛ ዘንድ በገበያ ቀን ወፍጮ ቤት ሲጨናነቅ ሰው አይሰለፍም፣ ስልቻ ነው የሚሰለፈው። እህልህን ታስመዝናለህ፣ ስልቻህን ከፊተኛው ስልቻ ኋላ ታቆማለህ፣ ከዚያ ጥላ ሥር ትቀመጣለህ ወይም ገበያህን ደርሰህ ትመጣለህ። ሚዛኑ አንድ ቦታ ነው፣ ወፍጮው ሌላ ቦታ ነው። ወፍጮው አፍ ላይ ቆሞ "መልስ የለኝም፣ ዝርዝር አምጣ" የሚል የለም። ለምን ቢባል ወፍጮው ከቆመ ናፍጣው ይቃጠላል፣ የባለወፍጮው ኪሳራ ነው። ፊደል ያልቆጠረው ባለወፍጮ የገባው ነገር ይኸው ነው፤ ውዱን ማሽን ርካሹ ነገር አያስቁመው! ባቡሩ ውድ ማሽን ነው። ትኬት መቁረጥ ርካሽ ሥራ ነው። እኛ ግን ርካሹን ሥራ ወስደን ውዱ ማሽን አፍ ላይ ደቀንነው።

አንዳንድ ሹማምንት፣ አንዳንድ ተማርን ባዮችም ጭምር፣ መጨናነቁ ሲነሳባቸው "ሕዝባችን ሰልፍ አያውቅም፣ ንቃተ ህሊና ይጎድለዋል" ይላሉ። ጉድ በል ሸዋ! እስቲ እነዚህ ሰዎች ማታ 12 ሰዓት ላይ ከመኪናቸው ወርደው ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ይቁሙ። የታክሲ ሰልፉ እንደ መቀነት ተጠማዞ ሕንፃ ሲዞር ያዩታል። ፖሊስ የለ፣ አጥር የለ፣ የተሰመረ መስመር የለ። ሰው ግን በዝናብ፣ በጨለማ፣ ተራውን ጠብቆ ይቆማል። አንድ ሰው ልግባ ቢል ከፊትም ከኋላም ይጮህበታል። ይህን ሰልፍ ያስተማረው የትኛው ሴሚናር ነው? ማንም። ታክሲው በየት በኩል እንደሚመጣ ያውቃል፣ ከመጣ የሰልፉ ፊት እንደሚገባ ያውቃል፣ ሒሳቡንም ረዳቱ መኪናው እየሄደ እንደሚቀበለው ያውቃል። ስለዚህ ይሰለፋል። ያው ሰው ነው ባቡር ጣቢያ ሲደርስ የሚጋፋው። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አሠራሩ ነው።

ረዳቱን ልብ በሉልኝ። ታክሲ ውስጥ ሒሳብ የሚሰበሰበው በጉዞ ላይ ነው። አንበሳ አውቶቡስም ለረጅም ዘመን ትኬት ቆራጩን በሆዱ ይዞ ነው የኖረው። ሁለቱም ገንዘቡን ከመሳፈሪያው ላይ አንስተውታል። ባቡር ውስጥ 286 ሰው መሀል ረዳት ማንሸራሸር አይቻልም፣ እውነት ነው። ስለዚህ ወደ ውስጥ መውሰድ ካልተቻለ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ወደ ውጭ ስል ከጣቢያው አጥር ውጭ፣ ከባቡሩ ሰዓት ውጭ፣ ሰው ጊዜ ባለው ሰዓትና ቦታ ማለቴ ነው።

ይቻላል ወይ? ይህ መንግሥት፣ ከሱ በፊት ደርግም ጃንሆይም ጭምር፣ ዋጋ ያለው ወረቀት በየመንገዱ ሲሸጡ ኖረዋል እኮ! ሎተሪ ምንድን ነው? ቁጥር የታተመበት፣ እንዳይጭበረበር ተደርጎ የተሠራ፣ አዟሪው ኮሚሽኑን የሚቀንስበት የመንግሥት ትኬት ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በየአደባባዩ፣ በየቡና ቤቱ፣ በየአውቶቡስ መስኮቱ ይሸጣል። ደነባ ድረስ ይመጣል። የዕድል ትኬት ሳልፈልገው እጄ ላይ ይለጠፍብኛል፤ የምፈልገውን የባቡር ትኬት ግን በአንዲት ቀዳዳ ተሰልፌ እንድለምን እደረጋለሁ። የሞባይል ካርድስ ቢሆን? የትኛው ሱቅ ነው ካርድ ሳይሸጥ የኖረ? ሊስትሮው ይሸጥ ነበር፣ ማስቲካና ሶፍት አዟሪው ይሸጥ ነበር። ይህን ጋዜጣ የሚሸጥላችሁ ልጅም አሥር ትኬት የያዘ ጥራዝ ቢሰጡት በደስታ ይሸጠዋል።

ጥራዝ ያልኩት እንዲሁ ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። የፓሪስ ሜትሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት አሥር ትኬት በአንድ ላይ ጠቅልሎ በቅናሽ ሲሸጥ ኖሯል። በሙምባይ፣ ሰው በበር ላይ ተንጠልጥሎ በሚሄድባት ከተማ፣ ተሳፋሪው የኩፖን ደብተር አስቀድሞ ገዝቶ ጣቢያ ሲደርስ ራሱ ማሽን ላይ እየመታ ይገባ ነበር። ካርድ ሳይመጣ፣ ስልክ ሳይዘምን፣ በወረቀት! የኛም በርቀቱ ልክ በሦስት ቀለም ይታተም፤ ለአጭሩ አንድ ቀለም፣ ለመካከለኛው አንድ፣ ለረጅሙ አንድ። ወይም ከናካቴው ዋጋው አንድ ይሁንና "የት ነው የምትወርደው?" የሚለው ጥያቄ ይቅር። የአሥር ትኬት ጥራዝ የገዛ ሰው ወደ ቀዳዳዋ የሚሄደው በአሥር ጉዞ አንዴ ነው። ከላይ ያሰላሁት 240 ሰው በሰዓት፣ ወደ 2,400 ጉዞ ይለወጣል ማለት ነው። አዲስ ሕንፃ ሳይገነባ፣ አዲስ ብድር ሳንበደር! ደግሞ ጥራዝ የሚገዛ ሰው አንዲት ጉዞ በነፃ ቢመረቅለት ምን ቸገረው? ገንዘቡን አስቀድሞ የሰጠው እሱ ነው።

ካርድማ ካሰቡ መንገዱ የተጠረገ ነው። ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ1997 ኦክቶፐስ የተባለውን ካርድ አወጣች። ሰው ኪሱን እንኳ ሳይከፍት ቦርሳውን አስጠግቶ ያልፋል። ሩቅ ነው ካላችሁ ሌጎስ አለላችሁ። ናይጄሪያዊቷ ሌጎስ ሰማያዊውን መስመሯን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ስትከፍት ካውሪ በተባለ ካርድ ነው የጀመረችው። ያው ካርድ አውቶቡሷም ላይ ይሠራል። የሌጎስ ሕዝብ ከኛ በምን ይለያል? በመጋፋት ከሆነ እንኳ ይበልጠናል ይባላል።

እዚህ ላይ ቶሎ ብሎ "በቴሌብር ይሁን፣ ጥሬ ብር ይቅር" የሚል ይመጣል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፣ መልካም ነገር ነው። በስልኩ መክፈል የሚችል በስልኩ ይክፈል፣ ሰልፉን ያቀለዋል። ነገር ግን መንግሥታችን ግዴታ ይወዳል። በ2015 ዓ.ም ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይቀዳ ሲባል ባለመኪናው እንደምንም ተላመደው፤ ባለመኪና ነውና ስልክ አለው። የባቡሩ ተሳፋሪ ግን ባለመኪና አይደለም። ከኛ አገር ለቀን ሥራ የሚገባው ልጅ ስልኩ በመንገድ ተሰርቆበት፣ ወይ ባትሪው አልቆ፣ ወይ መጀመሪያውንም ሳይኖረው ሊደርስ ይችላል። አጎቴ ስልክ አለው፣ ቁጥሩን የሚደውልለት ግን ሌላ ሰው ነው። ኔትወርክ ሲጠፋስ? ሰው ብር ይዞ፣ ባቡር ፊቱ ቆሞ፣ ስለ ኔትወርክ ሊቀር ነው? ስለዚህ ወረቀቱ አይጥፋ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይባላል። እኔ ግን ለዚህ ጉዳይ ወረቀቱን ያልለቀቀ ሞኝ አይመስለኝም። መጥፎው ወረቀቱ ሳይሆን የሚሸጥበት ቦታ ነው።

ትኬቱ ከጣቢያው ከወጣ በኋላ መሳፈሪያው ይቀራል። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚብሰው ሁለቱ መስመሮች የሚጋሩት ቁራጭ ነው። ከልደታ እስከ ስታዲየም ያሉት አምስት ጣቢያዎች፣ ማለት ልደታ፣ ተግባረ ዕድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሐርና ስታዲየም፣ የአያቱም የቃሊቲውም ባቡር በአንድ ሐዲድ የሚያልፍባቸው ሆነው ነው የተሠሩት። (ለገሐር ስሙን ያገኘው "ጣቢያው" ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። የፈረንሳዮቹ ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ከ1909 ዓ.ም ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ግን ዛሬም ሰውን ከበር እንዴት እናሳልፍ እያልን ነው።) እንግዲህ ሜክሲኮ መሳፈሪያ ላይ አያት የሚሄደውና ቃሊቲ የሚሄደው ትከሻ ለትከሻ ተደባልቀው ይቆማሉ። የአያቱ ባቡር ሲመጣ የቃሊቲው ሰው በሩ ላይ ተገትሮ ይገኛል። አይገባ፣ አያስገባ! እሱም አልፈረድበትም፤ ቦታውን ከለቀቀ የሱ ባቡር ሲመጣ ከኋላ ይቀራል። የሚወርደው ሰው በዚህ መሀል ነው ሰንጥቆ የሚወጣው። ነፍሰ ጡር ብትሆን፣ ልጅ ያዘለች ብትሆን፣ እንደ አጎቴ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ቢሆን እንዴት እንደሚሆን አስቡት።

መድኃኒቱ ቀለም ነው፤ ሁለት ባልዲ ቀለም! ባቡሮቹ ራሳቸው እኮ መጀመሪያውኑ በቀለም ተለይተው ነው የመጡት፣ የምሥራቅ ምዕራቡ አረንጓዴ፣ የሰሜን ደቡቡ ሰማያዊ። ያንኑ ቀለም መሬት ላይ ማውረድ ነው። አረንጓዴው ጠባቂ በአረንጓዴው ላይ፣ ሰማያዊው በሰማያዊው ላይ ይቁም። በሩ የሚቆምበት ቦታ ፊት ለፊት ባዶ ሆኖ ለሚወርደው ይተው። ጃፓኖች በጣቢያዎቻቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በሩ የሚያርፍበት ቦታ መሬት ላይ ተሰምሮ ሰው በሩን ግራና ቀኝ ይዞ ይሰለፋል፣ ወራጁ በመሀል ያልፋል፣ ከዚያ ነው መሳፈር። ይህ እንዲሠራ ነጂው ሁልጊዜ አንድ ምልክት ላይ ማቆም አለበት፤ ይህም የልምምድ ጉዳይ እንጂ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ዋናው ተቃውሞ ይመጣል። "ወንድሜ፣ ባቡሩ ራሱ የለም! ትኬት ቀድሞ ቢሸጥ ምን ሊፈይድ?" የሚል። እውነት አለው። ከተገዙት 41 ባቡሮች ግማሹ እንኳ ሐዲድ ላይ የማይታይበት ጊዜ መጥቶ ነበር፤ በመለዋወጫ እጥረት መቆማቸውም በይፋ ተነግሯል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያስተዳደሩት የሼንዘን ሜትሮ ሰዎች ነበሩ፤ ከነሱ በኋላ ለመለዋወጫው ምን እንደታሰበ የሚጠየቅ ሰው ያለ አይመስልም። ይህ ራሱን የቻለ ጉድ ነውና ለብቻው ይጻፍበታል። የኔ ክርክር ግን ባቡር ሲያንስ ነው ትኬቱና በሩ ይበልጥ የሚያሳስበው የሚል ነው። አንዱ መስመር 22 ጣቢያ አለው። በየጣቢያው በሩ በግፊያ ምክንያት አንድ ደቂቃ ብቻ ቢዘገይ ከጫፍ ጫፍ 22 ደቂቃ ይጨምራል። በአንድ ሰዓት ማለቅ የሚችል ጉዞ 82 ደቂቃ ሊሆን ነው። አራት ጊዜ ይመላለስ የነበረ ባቡር ሦስት ጊዜ እንኳ በወጉ አይሞላም። ከአራት ባቡሮች አንዱን በገዛ እጃችን ጋራዥ እንደማስገባት ነው! ብዙ ላም ያለው ሰው አንድ ቅል ወተት ቢደፋበት ይችለዋል። አንዲት ላም ያለችው ግን ጠብታዋን ይቆጥራል።

የተጭበረበረ ትኬት ይበዛል የሚሉም አሉ። ሎተሪ ላይ የማይበዛው ለምንድን ነው? ይልቅ በግፊያ መሀል ማን ከፈለ ማን አልከፈለ የሚለይ የለም። የጀርመን ከተሞች የባቡር ጣቢያዎች በር እንኳ የላቸውም። ሰው ትኬቱን ይዞ ዝም ብሎ ይገባል፣ ተቆጣጣሪ በድንገት ውስጥ ይመጣበታል፣ የሌለው ዕለቱን የሚያስታውሰው ቅጣት ይከፍላል። ያ አሠራር እምነት ብቻ አይደለም፣ ቁጥጥርም ነው። በመሸጫዋ ውስጥ ተዘግተው የሚውሉት ልጆችስ ሥራ ይፈቱ ወይ? በፍጹም! እንዲያውም የሚፈለጉት አሁን ነው። አንዷ ጥራዝ ላልያዘው እንግዳ ትኬት ትሸጣለች፣ ሌላዋ መሳፈሪያው ላይ ቆማ "አያት በዚህ፣ ቃሊቲ በዚያ" ትላለች፣ ሌሎቹ ባቡሩ ውስጥ ገብተው ይቆጣጠራሉ። ከላም በረት መጥቶ ግራ የገባው ሰው የሚጠይቀው ሰው ያገኛል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ካርታ ላላነበበ ሰው ምኑ ነው?

የትኬት ገቢው የሥራ ወጪውን እንደማይሸፍን ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ተናግረዋል። ይህን ሲሉ ቀጥሎ የሚመጣው ዘወትር ታሪፍ ስለ መጨመር ነው። መጨመሩን ከማውራት በፊት ግን ሰልፉ አስመርሮት ጥሎ የሄደው፣ በግፊያ ውስጥ ሳይከፍል የገባው፣ ባቡሩ ስለዘገየ ታክሲ የያዘው ስንት እንደሆነ ይነገረን። ስንት ሰው በስንት ሰዓት ከየት ጣቢያ እንደሚሳፈር በትክክል ያልቆጠረ ድርጅት ዋጋ ልጨምር ሲል፣ እህሉን ሳይመዝን የወፍጮ ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው ይመስላል። ደነባ ቢሆን ስልቻህን አንሥተህ ሌላ ወፍጮ ቤት ትሄዳለህ። ባቡሩ ግን ሌላ የለውም።

ሁሉም በአንድ ቀን ይለወጥ አላልኩም። ሁለት ጣቢያ ይመረጥ፤ በኔ ምርጫ መገናኛና ሜክሲኮ። አንድ ወር ለሙከራ ይሰጥ። የአሥር ትኬት ጥራዝ ታትሞ በአካባቢው ላሉ ሱቆች፣ ለሎተሪ አዟሪዎችና ለጋዜጣ ሻጮች ይታደል። ሜክሲኮ መሳፈሪያ ላይ ቀለሙ ይቀባ። ከዚያ በፊት አንድ ሳምንት፣ ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት፣ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት፣ ሰዓት የያዙ ሁለት ሰዎች ይቁሙ። አንደኛው ተሳፋሪው ከሰልፉ መጨረሻ ተነሥቶ ትኬት እስኪይዝ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ይጻፍ፤ ሁለተኛው የባቡሩ በር ተከፍቶ እስኪዘጋ ስንት ሴኮንድ እንደቆየ ይጻፍ። ቁጥሩ መሳቢያ ውስጥ አይቆለፍ፣ ለመግለጫም አይቀመጥ፣ በዚያችው የትኬት መሸጫ ግድግዳ ላይ በትልቁ ይለጠፍ። ሰዓት የሚይዝ ሰው ጠፋ ከተባለ ከደነባ እኔ አንድ እልካለሁ፤ የመሳፈሪያውን ብቻ ይቻሉት።